ከሁለት ቀይ የተወለደው ባለ ጥቁር ጋማ

ውርንጭላው ሲወለድ ቀይ ነበር። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ገና ከእናቱ ሆድ ሲወጣ ጉዱ ታውቆ ነበር» እያለ ሲያወራ ስለከረመ ነው። ውሸት! በእነዚህ በሁለት እጆቼ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ሚያዝያ ውስጥ፣ ጠዋት ላሞቹ ሊታለቡ ሲሉ፣ እናቱ ብዙም ሳታስቸግረን ዱብ አደረገችው። ገላው ቀይ፣ እግሮቹ ፈዘዝ ያሉ፣ ጋማው ገና ጣት የማይሞላ አጭር ፀጉር። ጋማው ከገላው ትንሽ ጠቆር እንደሚል አይቻለሁ፣ አልዋሽም። እርጥብ ስለሆነ ነው አልኩና በገለባ አሻሸሁት።

ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ከኮልፌ አጠና ተራ ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ፣ ባሕር ዛፍ በከበበው ሰፊ ግቢ ውስጥ የፈረስ ባልደራስ ነበርኩ። የንጉሡ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት የቀሩት ጊዜ ነው፤ ያንን እኛ መቼ አውቀን! የግቢው ጌታ ፊታውራሪው ካረፉ አራት ዓመት አልፏቸው፣ ቤቱንም ጋጣውንም የሚያዙት ባለቤታቸው ነበሩ። እሜቴ ነበር የምንላቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሴት። የሚጮህ ጌታ ደግ ነው፤ ጩኸቱ ሲያልቅ ንዴቱም አብሮ ያልቃል። እሜቴ አይጮሁም ነበር።

ከእኔ በፊት ባልደራሱ አባቴ ነበር። ፊታውራሪውን አርባ ዓመት አገልግሎ፣ አንድ ዓይኑ ሲደክምበት ጋጣውን ለእኔ አስረከበኝ። አስረከብኩ ይበል እንጂ ከጋጣው ወጥቶ አያውቅም፤ ገለባ ስበትን ገለባው በዛ፣ ውሃ ሳጠጣ ውሃው ቀዘቀዘ ይለኛል። አባቴን በሕይወት ሳለ አንቱ ነበር የምለው። እዚህ «አለ»፣ «ሄደ» እያልኩ የምጽፈው ንዴቴ ዛሬም ስላልወጣልኝ ነው። አንባቢ ይፍረደኝ።

ሦስታችን፣ አባቴ፣ ሚስቴና እኔ፣ ከጋጣው ጎን ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ እንኖር ነበር። ቤቲቱ የእሜቴ ናት፤ ሥራው ከሄደ ቤቱም አብሮ ይሄዳል። ሚስቴ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ፀንሳ ሁለቱንም ጊዜ አስወርዷታል። ውርንጭላው በተወለደ ሰሞን ሦስተኛውን አርግዛ አራተኛ ወሯን ይዛለች። እኔም እንስራ አታንሺ፣ አትጎንበሺ እያልኩ ስከተላት «እኔን ተወኝና ባዝራህን ጠብቅ» ትለኝ ነበር።

ጋጣው ውስጥ ብዙ ፈረስ ቢኖርም ነገር ያመጡብን ሦስቱ ናቸው። አንዱ ድንጉላ ነው፣ ያልተኮላሸ ወንድ፤ አንዷ ባዝራ፣ የውርንጭላው እናት። ሁለቱም እሜቴ ከኬንያ ያስመጧቸው፣ ለግልቢያ ብቻ የሚረቡ የእንግሊዝ ዘር ናቸው። ሁለቱም ቀይ። ቀይ ስላችሁ እንዲያው በግምት አይደለም፤ ጋማቸውም ቀይ፣ ጭራቸውም ቀይ፣ እግራቸውም ቀይ፤ አንዲት ጥቁር ፀጉር ብትፈልጉ አታገኙባቸውም። ሦስተኛው የፊታውራሪው ጥቁር ነበር። ያገር ፈረስ ነው፣ ቁመቱ አጠር፣ ደረቱ ሰፋ ያለ። ፊታውራሪው ያረፉ ዕለት በኮርቻውና በሙሉ ጌጡ አምሮ፣ ጋሻቸው ከኮርቻው ላይ ታስሮ፣ በለቀስተኛው ፊት የሳበው አባቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም። እሜቴ ሊያዩት አልቻሉም፤ ባዩት ቁጥር ያለቅሳሉ። «ይቀለብ፣ ግን ከዓይኔ ይራቅ። ከባዝራዬም ይራቅ» ብለው አዘዙ። ይህን የተናገሩት እኔና አባቴ ጎን ለጎን ቆመን ነው።

ከባዝራዬ ይራቅ ማለታቸው ምክንያት ነበረው። ጃንሜዳ ፈረስ በሚያስጋልቡት ትልልቅ ሰዎች ፊት «ከኮልፌ ንጹሕ ዘር አስወልዳለሁ» ብለው ቃል ሰጥተዋል። እነዚያ ሰዎች የዘር መዝገብ አላቸው። አባትና እናቱ ተጽፎ፣ አንድ ፈረንጅ የከብት ሐኪም በዓይኑ አይቶ ካልፈረመበት ውርንጭላው ከነዚያ ፈረሶች ጋር አይሮጥም። «ባሏ ሞቶ ጋጣ ታስተዳድራለች» እያሉ ሲስቁባቸው ሰምተዋል መሰለኝ፣ ነገሩ ለእሜቴ የፈረስ ነገር ብቻ አልነበረም።

ውርንጭላው ከመወለዱ በፊት በነበረው ዓመት፣ ግንቦት ማለቂያ ላይ ባዝራዋን ለቀዩ ድንጉላ ያስጠቃሁት እኔው ነኝ፤ ገመዷን ይዤ፣ እሜቴ ከበረንዳ እያዩ። በማግሥቱ የሚስቴ አጎት ሆለታ ላይ ሞቱ ተባለና ሁለታችንም ለልቅሶ ሄድን። ሁለት ሌሊት አድረን መጣን። ጋጣው በአባቴ እጅ ነበር። ከዚያ ነሐሴ ላይ ጥቁሩ ፈረስ በእርጅና ሞተ። አባቴ «ለጅብ አልጥለውም» ብሎ ጉድጓድ አስቆፍሮ ቀበረው፣ ሦስት ቀንም እህል አልቀመሰ። ለእናቴ እንኳ እንዲያ አላዘነም ብል ኃጢአት አይሆንብኝም።

ወደ ውርንጭላው ልመለስ። ግንቦት አጋማሽ ላይ የጉልበቱ ፀጉር መርገፍ ጀመረ። ከሥሩ የወጣው ጥቁር ነው። መጀመሪያ ጭቃ መሰለኝ። ሚስቴን እንዶድ አስወቀጥኩና ውሃ ለብ አድርጌ አራቱንም እግሩን አጠብኩት። አልለቅ አለ። በማግሥቱ ደግሜ አጠብኩት። በሦስተኛው ቀን ሚስቴ በር ላይ ቆማ «አንተ ሰው፣ ቆዳውን ልትገፈው ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን ማጠቡን አልተውኩም። ሰኔ ሲገባ ከጉልበቱ እስከ ሰኮናው ጥቁር ካልሲ ያጠለቀ መሰለ። ጋማው ከሰል ሆነ። ጭራውም ተከተለ። ገላው ብቻ ቀይ እንደሆነ ቀረ።

እንዴት ይሆናል? ባዝራዋን ይዣት ነበር። ድንጉላውን በዓይኔ አይቻለሁ። ቀን ተሌት አሰላሁት፣ አልገባ አለኝ። አጠና የሚጭኑት ጋሪ ነጂዎች በደጃችን ሲያልፉ ነገሩ ገብቷቸው ኖሮ አንዱ ጋሪውን አቁሞ «ባልደራስ! ይኼ ልጅ የኛን ቤት ይመስላል እኮ!» አለኝ። የእሱ የጋሪ ፈረስ ባለ ጥቁር ጋማ ነው። ሌላው ቀበል አድርጎ «ተወው፤ በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» ሲል መንገዱ በሳቅ ሞላ። ድንጋይ አነሳሁ። አልወረወርኩም እንጂ አንስቻለሁ።

ያን ቀን ሳቁን እሜቴ ሰሙ። ጥላቸውን ይዘው ወደ ጋጣው ወረዱና ውርንጭላውን ዞረው ዞረው አዩት። ቀለበት ባለበት ጣታቸው ጉልበቱን ነካ አድርገው ጣታቸውን አዩ፤ እሳቸውም እንደ እኔ ጭቃ መስሏቸው መሆን አለበት።

«ይኼ ምንድነው?»

«የሕፃን ፀጉር ነው እሜቴ፣ ይለወጣል» አልኳቸው።

«ተለውጦ አይደል እንዲህ የሆነው?»

አንገቴን ደፋሁ።

«ከውጭ የጋሪ ፈረስ አስገብተህ ከሆነ ወይም ባዝራዬን ለቀሃት ከሆነ አዋረድከኝ» አሉኝ፣ ቀስ ብለው፣ ልክ ስለ ገብስ እንደሚጠይቁ። «ሐኪሙ ሐምሌ መጨረሻ ይመጣል። የቀዩ ልጅ ነው ካለ እሸልምሃለሁ። አይደለም ካለ አንተ ፖሊስ ጣቢያ ትወርዳለህ፤ ውርንጭላው ለጋሪ ነጂዎቹ ይሰጣል፣ ከእነሱ ነውና የመጣው።»

ጥላቸውን ዘርግተው ሄዱ። አባቴ ከውርንጭላው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሁሉን ሰምቷል። «ምን ይላሉ አባባ?» አልኩት። «ፀጉር ነው፤ ፀጉር ምን ያውቃል» አለኝና የውርንጭላውን አንገት ማከኩን ቀጠለ። የአርባ ዓመት ባልደራስ እንዲህ ካለ እኔ ማነኝ ብዬ ትንሽ ቀለል አለኝ። ጅል ነበርኩ፣ ምን ታደርጉኛላችሁ!

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር በራልኝ፤ ወይም የበራልኝ መሰለኝ። ባዝራዋ የምታድረው ከጥቁሩ ፈረስ ትይዩ ነበር። በመሀላቸው አጥር አለ፣ ግን በአጥሩ ላይ ጧት ማታ ስታየው ነው የኖረችው። ያዕቆብ ልጣጩ የተላጠ በትር በውሃ ማጠጫው ፊት ቢያቆም፣ በጎቹ ያንን እያዩ ፀንሰው ዝንጉርጉር ወለዱ የሚለውን ማን ያልሰማ አለ? የድሮ ባልደራሶችም ነጭ ውርንጭላ ሲፈልጉ ባዝራዋ ፊት ነጭ ሸማ ይሰቅሉ ነበር፤ ይህን ያስተማረኝ ራሱ አባቴ ነው። ታዲያ የእኛዋ ጥቁሩን እያየች ብትፀንስ ጥቁር ጋማ ብታወጣ ምን ይገርማል? በደስታ ልበር ምንም አልቀረኝ። ለሚስቴ ብነግራት «እኔስ አንተን እያየሁ ነው የፀነስኩት፣ ወየው ለልጄ!» አለችኝ። ሳቅን። ከሁለት ወር ወዲህ አብረን ስንስቅ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ነገሩን ለእሜቴ የነፍስ አባት፣ ለአባ ነገርኳቸው። ሽማግሌ ቄስ ናቸው፣ ጥርስ የላቸውም፣ ልብ ግን አላቸው። «በመጽሐፍ ያለ ነገር ነው፤ ሐኪሙ የመጣ ዕለት እመጣልሃለሁ» አሉኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ለእሜቴ «መስቀል ጨብጬ እምላለሁ! ከቀዩ በቀር ድንጉላ አልነካትም!» ብዬ ላክሁባቸው። ማል ሳልባል ነው እምላለሁ ያልኩት። የልብ ንጽሕና እንዲህ አፍ ያስከፍታል።

ሐኪሙ የመጣው ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ከቀትር በፊት ነው። ግቢው ጭቃ ነበር። በአገራችን ብዙ ዓመት የኖረ፣ አማርኛው የማይሰናከል ሰው ነው። እሜቴ በረንዳው ላይ ወንበር አስወጥተው ተቀመጡ፤ አባ ከጎናቸው። እኔ ባዝራዋንና ድንጉላውን አውጥቼ አሰርኩ። አባቴ ውርንጭላውን በገመድ ይዞ መጣ። ሚስቴ ሰባት ወር የሞላውን ሆዷን ደግፋ ከቤታችን በር ቆመች። ግቢ ብላት አልገባም አለች።

ሐኪሙ ጊዜ አላጠፋም። የድንጉላውን ጋማ ገለጠ፣ የእግሩን ፀጉር ወደ ላይ አሻሸ። ባዝራዋንም እንዲሁ። ከዚያ ወደ ውርንጭላው ሄዶ ጉልበቱ ላይ አንዴ ብቻ እጁን አሳለፈ። ሳይነግረን ፊቱ ነገረን።

«እመቤት፣ እናትየው ይህች ከሆነች፣ አባትየው ይኼ ድንጉላ አይደለም» አለ።

አባ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው የያዕቆብን በትር ከነምዕራፉ ተናገሩለት፤ ጥቁሩ ፈረስ ከትይዩ ይኖር እንደነበርም ጨመሩ። ሐኪሙ በትሕትና ሰማቸው። ከዚያ በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጠና፣ ለእሜቴ ሳይሆን ለእኔ ነው የሚመስለው፣ እንዲህ ብሎ አስረዳ።

«ፈረስ ከአባቱ አንድ፣ ከእናቱ አንድ መልክ ይወርሳል። ጥቁሩን ጋማ የሚያመጣው ነገር ከአንዳቸው ብቻ እንኳ ከደረሰው ይታያል፤ መደበቅ አይችልም። ቀይ ግን ይደበቃል። ስለዚህ ጋማቸው ጥቁር የሆነ ሁለት ፈረሶች ቀይ ልጅ ቢወልዱ አልደነቅም፤ ቀዩ በሁለቱም ውስጥ ተሸሽጎ ነበር እላለሁ። ሁለት ቀዮች ግን ጥቁሩን ከየት ያመጡታል? ቢኖራቸው በራሳቸው ጋማ ላይ ባየነው። የሌላቸውን አያወርሱም።»

እሜቴ አንዴ ወደ አባ፣ አንዴ ወደ ሐኪሙ አዩ። በመጽሐፍ በኩል ናቸው ወይስ በፈረንጁ በኩል፣ እኔ ከፊታቸው ማንበብ አልቻልኩም። ሐኪሙ ማመንታታቸውን አየና ወደ አባቴ ዞረ።

«አባት፣ አርባ ዓመት ፈረስ አዋልደዋል ይላሉ። እኔ ከያዕቆብ ጋር አልከራከርም። እርስዎ ይፍረዱ። ከጋማ እስከ ጭራ ቀይ ከሆኑ ሁለት ፈረሶች ባለ ጥቁር ጋማ ሲወለድ አይተው ያውቃሉ?»

አየሁ ቢል ኖሮ ነገሩ ባለቀ! እሜቴ ከመጽሐፉም ከሽማግሌውም ከሁለቱ ምስክርነት አይወጡም ነበር። እኔም አየሁ ይላል ብዬ አልተጠራጠርኩም። ስለ ሰው እንደሆነ አባቴ ውሸት አይቸግረውም፤ ሲጠየቅ ዕድሜውን ይቀንሳል፣ ጠበል ሲጠራ ታምሜያለሁ ይላል።

አባቴ ገመዱን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ።

«አላየሁም» አለ።

«አባባ!» ብዬ ጮህኩ። አላየኝም። ስለ ፈረስ ዋሽቶ አያውቅም፤ ያን ዕለትም፣ ልጁ ሊታሰር ሲል እንኳ፣ ስለ ፈረስ መዋሸት አልሆነለትም።

እሜቴ ወደ እኔ ዞሩ። «እምላለሁ ብለህ ልከህብኝ ነበር። ማል» አሉኝ። አባ መስቀላቸውን አወጡ። «ልጄ፣ በሐሰት የማለ በራሱ ብቻ አይቆምም፣ ለዘሩ ነው የሚተርፈው። ሚስትህን አስብ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። ምን አስፈራኝ? እውነት ይዣለሁ። ልብሴ ላይ እጄን ጠረግሁና ወደ መስቀሉ ዘረጋሁ።

እጄን እንደዘረጋሁ አባቴን አየሁት። የአንድ ዓይኑ ብርሃን የቀረው ሰው መስቀሉ ላይ አፍጥጧል። ገመዱን ባልያዘው እጁ የውርንጭላውን ጋማ ከሥር ወደ ጫፍ በጣቶቹ ያበጥራል። ያንን ማበጠር አውቀዋለሁ። ጥቁሩን ፈረስ በየቀኑ እንዲያ ነበር የሚያበጥረው፤ ሌላ ፈረስ ላይ አድርጎት አይቼ አላውቅም።

ከሆለታ የተመለስን ዕለት ጥቁሩ ፈረስ ላብ ደርቆበት አግኝቼው ነበር። «ምን ሆኖ ነው?» ብዬ ብጠይቀው «ትንሽ አስሮጥኩት» ብሎኛል። ቆሞ ማደር የሚከብደውን ሽማግሌ ፈረስ! ያኔ ምንም አላሰብኩም። አሁን በአንዲት ትንፋሽ ሁሉም ገባኝ። አባቴ ነው። የጌታው ፈረስ ሳይተካ ሊሞት ሆነበትና፣ ግቢው በእጁ የቀረበትን ሁለት ቀን ተጠቀመበት። አንድ ዓመት ከሁለት ወር አብሮኝ በልቶ፣ አብሮኝ ጠጥቶ፣ እንዶድ እያስወቀጥኩ እግር ሳጥብ እያየኝ፣ ዝም ብሎኛል።

እጄ በአየር ላይ ቀረ። ብምል፣ የማልኩት ሐሰት መሆኑን አሁን አውቃለሁ፤ ሁለት ጊዜ የጨነገፈባት ሚስቴ ሰባት ወር ይዛ በር ላይ ቆማለች። «አባቴ ነው» ብል ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ፖሊስ ጣቢያ ይወርዳል። ጠበቅሁት። እግዜር ያውቃል፣ ጠበቅሁት! አንድ ቃል ይናገር ብዬ ዓይኑን አየሁት። እሱ ማበጠሩን ተወ እንጂ አፉን አልከፈተም።

«እኔ ነኝ እሜቴ» አልኩ። «አልምልም። እኔ ነኝ።»

«የማንን ጋሪ ፈረስ?» አሉ፣ እንደ መቆም ብለው።

«የጋሪ ፈረስ አይደለም። የጌታዬን ጥቁር ነው። ዘሩ ሳይተካ ሊሞት ሆነ ብዬ... ሆለታ ልቅሶ ከመሄዴ በፊት።»

ሚስቴ «ኧረ አንተ!» አለች። በዚያ ሰዓት ከጎኔ እንዳልተለየች፣ ጓዝ ስናስር እንደነበር ታውቃለቻ! ዓይኗን አጥብቄ አየሁትና አፏን በነጠላዋ ያዘች።

እሜቴ ደረጃውን ወረዱ። ጭቃው ነጭ ጫማቸውን ሲያበላሸው ልብ አላሉትም። ውርንጭላው ፊት ቆሙ። እንደ ጥቁሩ ፈረስ ሰፋ ያለ ደረት አለው፤ አሁን ሳየው እንዴት እስከዛሬ እንዳልታየኝ ለራሴ ገረመኝ። ጋማው ላይ እጃቸውን ጭነው «የእሳቸው ፈረስ?» አሉ። ከዚያ እኚያ ድምፅ አውጥተው የማያውቁ ሴት፣ ልክ ፊታውራሪው እንዳረፉ ዕለት፣ በሰው ፊት ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። «ዘር ከልጓም ይስባል» አሉ አባ፣ ለራሳቸው። ሐኪሙ የያዘውን መዝገብ ሳይከፍት ኮቱ ውስጥ ከተተው።

እሜቴ እንባቸውን ጠርገው ሲዞሩ እንደ ቀድሟቸው ነበሩ።

«ውርንጭላው የትም አይሄድም፣ የቤቱ ነው» አሉ። «ለፖሊስም አልሰጥህም፤ ለእሳቸው ብለህ ያደረግኸው ነውና። ግን ሁለት ወር ሙሉ ዓይን ዓይኔን እያየህ ዋሽተኸኛል። ጃንሜዳ የሰጠሁትን ቃል በልተህብኛል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከግቢዬ ውጣ።» ከዚያም አባቴን አዩና ድምፃቸው ለሰለሰ። «አንተ አትነካም። አንተ ለጌታህ ታማኝ ነበርክ።»

አባቴ እጅ ነሳ።

ቤት ገብተን ጓዛችንን ስናስር ሚስቴ፣ የአባቴ ሥራ መሆኑ ገብቷት፣ እንደ እሳት ነደደች። «ይናገራሉ፤ ዝም ብለህ ቀስ እያልክ እሰር። አባት አይደሉ እንዴ! ይናገራሉ» አለችኝ። እኔም ቀስ አልኩ። አልጋውን ፈታሁ፣ ገመዱን ጠቀለልኩ፣ ደግሜ ፈትቼ ጠቀለልኩ። ሁለት ድስት፣ አንድ ሳጥን፣ ፍራሽ፤ ከዚህ በላይ የሚታሰር አልነበረንም። የአባቴን ጋቢና መቋሚያ ለይቼ ከላይ አደረግሁ። ቢያንስ አብሮን ይወጣል ብዬ ነው። ከኮልፌ ተነስተን የእሷ ዘመዶች ጋ እስክንደርስ፣ መንገድ ላይ ሁለታችን ብቻ ስንሆን «ልጄ፣ በደልኩህ» ይለኛል፤ እኔም መጀመሪያ እቆጣውና በኋላ ይቅር እለዋለሁ ብዬ ቃሉን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ።

በር ላይ ቆሞ አገኘነው። እጁ ባዶ ነው፣ ጥሬ ገብስ ልብሱ ላይ ተጣብቋል። ጋቢውን ዘረጋሁለት። «ይልበሱ፣ ይበርዳል፤ እንሂድ አባባ» አልኩት።

ጋቢውን ተቀብሎ ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። አልተንቀሳቀሰም።

ሚስቴ ቀረበችው። እጁን ያዘችና ሆዷ ላይ አስቀመጠችው። «አባባ፣ ሁለት ወር ነው የቀረው» አለችው። «አይመጡም?»

አባቴ እጁን ከሆዷ ላይ ቀስ ብሎ አነሳ።

«ውርንጭላው ገና ጡት አልጣለም» አለና ወደ ጋጣው ተመለሰ።